የጎርጎራ ፍርስራሽና የጣና ታንኳ፤ ከጎንደር ስለሚደረግ የአንድ ቀን ጕብኝት

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኘው ጎርጎራ ዛሬ አነስተኛ የወደብ ከተማ ናት። የጎንደርን ግንቦች ለማየት የመጣ እንግዳ አንድ ቀን ሲተርፈው ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ወደዚች ስፍራ ነው። የጕብኝቱም ሥርዐት የታወቀ ነው፤ ይኸውም ረፋድ ላይ ከጎንደር ተነሥቶ የደምቢያን ሜዳ ማቋረጥ፣ ቀትር ላይ ከሐይቁ ዳር መድረስ፣ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ምዕራብ ተጕዞ «ማርያም ግንብ» የተባለውን የድንጋይ ፍርስራሽ ማየት፣ ሲመሽም መመለስ ነው።

እንዲህ ያለው ጕዞ ለመዝናናት ብቻ የሚደረግ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ የሚታዩት ነገሮች፣ ማለት የአዘዞ የንጉሥ አትክልት፣ የደንገል ታንኳ፣ የፈረሰው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያንና ሳይፈርስ የቆየው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ሌላውን የሚያስረዱ ናቸው። ሦስቱ የጎንደር ከተማ ከመቆርቆሯ በፊት በነበሩት 30 ዓመታት ውስጥ የተከናወነውን ሥራ ያሳያሉ፤ አራተኛው፣ እርሱም ታንኳው፣ ከዚያ ዘመን በፊትም በኋላም የነበረውን የሐይቁን ሰው ጥበብ ያሳያል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ እነዚህን በየተራ መግለጽና፣ አንድ ሥራ በአንድ አገር ጸንቶ የሚኖርበትን ምክንያት ከእነርሱ ለመረዳት መሞከር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

፩. ከጎንደር እስከ ሐይቁ ዳር

መንገዱ ከጎንደር ሲወጣ በመጀመሪያ የሚያገኘው አዘዞን ነው። ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ በዚህ ስፍራ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ በአጠገቡም አትክልትና የውሃ ገንዳ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱም በሞቱ ጊዜ የተቀበሩት በዚሁ ነው። ብዙ መንገደኛ አዘዞን የሚያውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋ ስለ ሆነ ይህን ሳያይ ያልፋል።

ከአዘዞ ወዲያ የደምቢያ ሜዳ ይዘረጋል። መንገዱ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል አድርጎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የሜዳው አፈር ጥቍር መረሬ ስለ ሆነ ጤፍ፣ ሽምብራና ኑግ ይበቅልበታል። ነገሥታቱ በየጊዜው ከነሠራዊታቸው በዚህ ዙሪያ ይሰፍሩ የነበሩበት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ብዙ ሺህ ሰውና ከብት የሚከተለው የንጉሥ ሰፈር እህልና ግጦሽ ከማይታጣበት ስፍራ ሊርቅ አይችልም ነበር። ሐይቁ ደግሞ ዓሣን ይሰጣል፤ ደሴቶቹም የቅዱሳት መጻሕፍትና የውድ ዕቃ መሸሸጊያ ነበሩ።

ነገር ግን የደምቢያ በረከት ያለ ጕዳት አይገኝም። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ክረምት ወጥቶ ውሃው ሲያቍር ወባ ይነሣበታል። በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ መፍጀቱ ይታወሳል። ጎንደር ግን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 መናገሻቸውን በዚያ ሲቈረቍሩ ከምክንያቶቹ አንዱ ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የደምቢያ እህል በቅርብ ይገኛል፤ የደምቢያ ወባ ግን ወደዚያ አይደርስም። ስለዚህ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ የሚወርድ ሰው የቤተ መንግሥቱን የአቀበት ጕዞ ወደ ኋላ እየተከተለ ይሄዳል ማለት ነው።

፪. የደንገል ታንኳ

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ይገቡበታል፤ በባሕር ዳር በኩል ዓባይ ይወጣበታል። ዳርቻው ረግረግ በሆነበት ሁሉ ደንገል ይበቅል ነበር። የጥንት ግብፃውያን የጽሕፈት ቅጠላቸውን ያበጁበት ተክል ይህ ነው። የሐይቁም ሰው ታንኳውን የሚሠራው ከዚሁ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል። የደረቀው አገዳ በነዶ በነዶ ተደርጎ በልጥ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም ጎን ለጎን ተጋጥመው አንድ አካል ይሆናሉ። ፊተኛው ጫፍ እየቀጠነ ወደ ላይ ይቀናል፤ ይህም ማዕበሉን ለመክፈል ይረዳል። በመካከሉ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግበታል፤ ይኸውም ሰውና ጭነት ከሚሰርገው ውሃ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ነው። ታንኳው ውሃ የማያስገባ ዕቃ አይደለም። የሚንሳፈፈው አገዳው ውስጡ ቀላልና አየር የያዘ ስለ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጕዞ በኋላ ከውሃ ወጥቶ፣ ቆሞ መድረቅ አለበት፤ ውሃ የጠገበ ታንኳ ይከብዳል፣ ቀስ በቀስም ይበሰብሳል። እንዲህ ቢጠበቅም ዕድሜው የወራት እንጂ የዓመታት አይደለም።

በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። እነርሱ በሐይቁ ዳር የሚኖሩ፣ እስልምናን የሚከተሉ፣ ዛሬ አማርኛ የሚናገሩ ሕዝብ ናቸው። ቀድሞ ጕማሬ በማደን ይኖሩ ነበር፤ ይህም በጎረቤቶቻቸው ዘንድ እንዲናቁ አድርጓቸው ቆይቷል። አደኑ ከቀረ ወዲህ በዓሣ ማጥመድ፣ ታንኳ በመሥራት፣ የደንገልና የሣር ዕቃ በመሥራትና በመሳሰለው ይተዳደራሉ። በንቀት የታየ ሕዝብ የያዘው ጥበብ የሐይቁ ሰው ሁሉ መመላለሻ መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ገዳማቱ እህላቸውን፣ ነጋዴው ማገዶውን፣ ካህኑም ታቦቱን ያሻገረው በታንኳ ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ሲታተም፣ ስለ ሐይቁ ዳርቻ ያቀረበው ብዙ እውቀት የተገኘው በእነዚሁ ታንኳዎች እየተጓዘ ነው።

የዚህ ደንገል ዝና ከጣና ውጭም ደርሷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 «ራ» የተባለችውን የደንገል መርከብ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ባሠራ ጊዜ፣ ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ደንገሉ ግን የተጫነው ከጣና ነበር።

ታንኳው ስለ ጕብኝቱ ሰዓትም የሚያስተምረው አለ። ቀኑ ሲሞቅ የብሱ ከውሃው ይልቅ ቶሎ ስለሚግል ነፋስ ይነሣል፤ ከቀትር በኋላም ሐይቁ ይናወጣል። ስለዚህ የሐይቁ ሰው ሩቅ የሚሄደው ጎሕ ሲቀድ፣ ውሃው ገና ሳይነቃ ነው። ከጎንደር የሚመጣው እንግዳ ግን ወደ ውሃው የሚወርደው ቀዛፊው ታንኳውን ወደ የብስ በሚጎትትበት ሰዓት ነው። የሞተር ጀልባ ይህን ልዩነት ሸፍኖታል። ያም ሆኖ እንግዳው ሐይቁን የሚያየው ባለቤቶቹ በተውት ሰዓት መሆኑን ማወቁ ይጠቅማል።

፫. ማርያም ግንብ

ጀልባው ከጎርጎራ ወደ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ ሐይቁ ገባ ካለ ምድር ይደርሳል። ፍርስራሹ ያለው በዚያ ነው። ሕዝቡ ማርያም ግንብ ይለዋል፤ ስፍራውም አሮጌው ጎርጎራ ተብሎ ይጠራል። በዚህ ስም አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ኢየሱሳውያን የተባሉት የሮማ ካቶሊክ ካህናት በዚህ ዳርቻ ሁለት መኖሪያ ነበራቸው፤ መጀመሪያ የሰፈሩበትን አሮጌው ጎርጎራ፣ ኋላ የተሰጣቸውን ደግሞ አዲሱ ጎርጎራ ይሉት ነበር። ማርያም ግንብ ያለበት ስፍራ በእነርሱ መጻሕፍት አዲሱ ጎርጎራ ነው። የዛሬዪቱ የወደብ ከተማ ስትነሣ ግን አዲስነቱ ወደ እርስዋ ተላለፈ። ስለዚህ የጥንቱን ጽሑፍ ከዛሬው ካርታ ጋር የሚያስተያይ ተማሪ ካልተጠነቀቀ አንዱን ስፍራ በሌላው ይተካል።

የስፍራው ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ካህን በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በፖርቱጋል ንጉሥ ጥበቃ ሥር የመጣ ቢሆንም በትውልዱ እስፓኛዊ ነበር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ መወደድን አገኘ፤ በ1614 ገደማም በጎርጎራ ለንጉሠ ነገሥቱ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት አሠራ። የማኅበሩ ጸሐፊዎች እንደሚሉት መዶሻና መሮ የመሰለውን መሣሪያ እያሠራ ሠራተኞቹን ራሱ ያስተምር ነበር። በ1618 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ግሽ ዓባይን አየ። በ1622 በጎርጎራ ሞተ። በዚያው ዓመት ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በግልጽ ያዙ፤ በ1626 ደግሞ በደንቀዝ በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማ መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ። ከዚህ የተነሣ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ተጨነቀች። በሰኔ 1632 ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ ነገሩ፤ ሥልጣኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በመስከረም ወር ሞቱ። ካህናቱም በተከታዮቹ ዓመታት ከአገር ወጡ።

ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ በ1620ዎቹ በድንጋይና በኖራ የተሠራው ቤተ ክርስቲያንና የካህናቱ መኖሪያ ቅሬታ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አገሩ ልማድ ክብ ሳይሆን ረዥም ነበር፤ ጣራውም ከድንጋይ ቅስት የተሠራ ነበር። በግድግዳዎቹና በቅስቶቹ ላይ ጽጌረዳ የሚመስሉ ጌጦች ተቀርጸዋል፤ ይህ የጠራቢ ሥራ በጊዜው በአውሮጳና በሕንድ የፖርቱጋል ግዛቶች ይሠራበት ከነበረው ዐይነት ነው። በማድሪድ ከሚገኘው ከኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሊቃውንት በቪክቶር ፈርናንዴዝ መሪነት ከ2006 እስከ 2014 በጎርጎራ፣ በአዘዞና በሌሎችም የኢየሱሳውያን ስፍራዎች ቍፋሮና ልኬት አድርገዋል፤ የጥናቱም ውጤት በ2017 በመጽሐፍ ታትሟል። በዚህም ቀድሞ ከጸሐፊዎች ቃል ብቻ ይታወቅ የነበረው ነገር ከድንጋዩ ጋር ሊመዛዘን ቻለ።

፬. ማን ሠራው?

በጎንደርና በጣና ዙሪያ በኖራ የተሠራ የድንጋይ ሕንፃ ሁሉ ለአንድ ባለቤት ሲሰጥ ይሰማል፤ ግማሹ ሰው ሁሉን የፋሲል ሥራ ይለዋል፣ ግማሹ ደግሞ ሁሉን የፖርቱጋሎች ያደርገዋል። ማርያም ግንብ ሁለቱንም ያርማል።

የመጀመሪያው አነጋገር በዘመን ይፈርሳል፤ ማርያም ግንብ ከዐፄ ፋሲለደስ መንግሥት በፊት የቆመ ነውና። ሁለተኛውም እንዲሁ በዘመን ይፈርሳል። የጎንደር ከተማ በ1636 ስትቈረቈር ካህናቱ ከአገር ከወጡ ሰንብቷል፤ ስለዚህ የፋሲለደስን ግንብ እነርሱ ሊሠሩት አይችሉም። ከዚህም በላይ በሱስንዮስ ዘመን እንኳ ሥራው የአንድ ወገን አልነበረም። ፓኤዝ እስፓኛዊ ነበር። ኖራ በዚያ ዙሪያ በሥራ ላይ የዋለው በ1620ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሕንድ የመጣ ሰው ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ካሳየ በኋላ መሆኑን የዘመኑ ካህን ማኑኤል ደ አልሜይዳ ጽፏል። የሱስንዮስ ዜና መዋዕልም ስለ ደንቀዙ ቤተ መንግሥት ሲናገር አንድ ባንያን፣ ማለት ሕንዳዊ፣ ከአንድ ግብፃዊ ጋር ያነሣል። ድንጋዩን የፈለጠው፣ ያመላለሰውና የደረደረው ግን የአገሩ ሰው ነው። ካህናቱ ሲወጡ እጁ ከሥራው ጋር የቀረውም እርሱ ነው።

በእንፍራዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ ደግሞ በልማድ ለዐፄ ሠርጸ ድንግል ይሰጣል፤ እኒህም ከ1563 እስከ 1597 ነግሠዋል። ይህ አባባል እውነት ከሆነ የግንብ ሥራ ከፓኤዝ መምጣት በፊት በአገሩ ተጀምሮ ነበር። ሊቃውንት ግን ስለ ጉዛራ ዘመን ገና አልተስማሙም። እንግዲህ ለጥያቄው የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ አንድ ስም አይደለም። አውሮጳዊ፣ ሕንዳዊ፣ ግብፃዊና ኢትዮጵያዊ እጅ በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ተገናኝተው የሠሩት ሥራ በጎርጎራና በደንቀዝ ተፈተነ፤ በጎንደርም የአገሩ ልማድ ሆነ።

ይህን ለይቶ መናገር የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ፍርስራሹ የባዕድ ነው የተባለ እንደ ሆነ የሚጠብቀው አይኖርም። የባዕድ እጅ ከቶ የለበትም የተባለ እንደ ሆነ ደግሞ የጎንደር ጥበብ ከየት ወደ የት እንዳደገ የሚያሳየው ምስክር ይጠፋል። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ድንጋዩ ነው።

፭. የቆመውና የወደቀው

በጎርጎራ ከተማ በሐይቁ ዳር ደብረ ሲና ማርያም ትገኛለች። ትውፊቱ መሠረቷን ወደ 14ኛው መቶ ዓመት ያደርሰዋል። ክብ ናት፤ በእንጨትና በጭቃ የተሠራች፣ ለዘመናት በሣር ክዳን የኖረች ናት። የመቅደሷ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው፤ ሥዕሉንም ያሣለችው የዐፄ ሱስንዮስ ልጅ መለኮታዊት መሆኗ ይነገራል። እንግዲህ በአንድ ዳርቻ፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ አባቲቱ የደገፉት ካህናት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ልጃቸው ደግሞ የሣሩን ቤተ ክርስቲያን አስጌጠች።

ለዘላለም እንዲቆም ታስቦ በድንጋይና በኖራ የታነጸው ጣራው ወድቆ ዛፍ በቅሎበታል። በየጥቂት ዓመቱ የሚበሰብሰው ሣር ግን ቤቱን ጠብቆ እዚህ አድርሶታል። ምክንያቱ የዕቃው ጥንካሬ አይደለም። ሣሩ ባረጀ ቍጥር ምእመናኑ ሰብሰብ ብለው፣ አጭደው፣ አዲስ ይከድናሉ፤ አባት ለልጅ አሠራሩን የሚያስተላልፈው በዚህ ነው። የድንጋዩ ቅስት ሲሰነጠቅ ግን የሚጠግነው አልነበረም፤ የሚያገለግለው ካህን ወጥቷል፣ የሚሰበሰብበት ሕዝብም ቀድሞውኑ አልነበረውም። ታንኳውም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። በጣና ላይ ካለው ታንኳ አንዱም ካለፈው ዘመን የተረፈ አይደለም፤ ነገር ግን ዘወትር ስለሚሠራ ጥበቡ ከግንቡ ይልቅ ጸንቷል።

ዛሬ ግን ይህ መታደስ ራሱ ሥጋት ላይ ወድቋል። በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ ወርሯል፤ የደንገሉም ረግረግ ለእርሻ እየተጠበበ ሄዷል። ሐይቁ ከነዳርቻው በ2015 በዩኔስኮ ከሚጠበቁ የሰውና የተፈጥሮ መኖሪያዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። መመዝገቡ ብቻውን ግን ደንገል አያበቅልም። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም የእንግዳውን እግር አሳንሷል፤ በዚህ ሥራ የሚኖሩትን አስጎብኚዎችና ባለ ጀልባዎች ጎድቷል።

፮. ስለ መሪው ሥራ

ከዚህ ሁሉ የተነሣ በዚህ ጕብኝት መሪ የሆነ ሰው የተሸከመው ኀላፊነት ቀላል አይደለም። ብዙው እንግዳ ስለ ማርያም ግንብ የሚያውቀው መሪው በአንድ ሰዓት ውስጥ የነገረውን ብቻ ነው፤ ይዞት የሚሄደውም እርሱን ነው። የመሪው ቃል ለፍርስራሹ እንደ ሣሩ ክዳን ነው፤ በየጊዜው ካልታደሰ ሥር ያለው ይጠፋል፤ በስሕተት ከታደሰም ቤቱን ያጣምመዋል።

ስለዚህ የጕዞው ቅደም ተከተል ቢለወጥ ይሻላል። ከጎንደር ማልዶ መነሣት፤ ውሃው ጸጥ ባለበት ሰዓት ወደ ማርያም ግንብ መሻገር፤ በመንገድም ታንኳ የሚያስሩ ሰዎች ከተገኙ ቆም ብሎ ሥራቸውን ማየት፤ ነፋሱ ሲነሣ ወደ ጎርጎራ ተመልሶ ደብረ ሲና ማርያምን መሳለም፤ ከሰዓት በኋላ ደምቢያን አቋርጦ በአዘዞ መቆም፤ በመጨረሻም ወደ ጎንደር መውጣት። በዚህ ሥርዐት የሄደ ሰው ፍርስራሹንና የሣሩን ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ያስተያያል፤ ቤተ መንግሥቱም ከሐይቁ ወደ ደጋው የወጣበትን መንገድ በተራው ይከተላል። ማታ ወደ ፋሲል ግንብ ቀና ሲልም ብቻውን የበቀለ ተአምር አይመስለውም። ያ ግንብ በጎርጎራ ዳርቻ ኖራ ማቡካትና ድንጋይ መጥረብ የተማሩት፣ ስማቸው ያልተጻፈ ግንበኞችና ልጆቻቸው የቀጠሉት ሥራ መሆኑን ያስተውላል።